ልጄን በድምፅ ማጉያ ለቀበሩልኝ ኃላፊ

ለተከበሩ አቶ ኢዮብ፣
የከተማችን የማሳወቂያ ክፍል ኃላፊ፣ እንዲሁም በገዛ ፈቃድዎ የጠፋው አውሮፕላን አፈላላጊ ግብረ ኃይል ሰብሳቢ፣
ሸዋ ሮቢት።

ጉዳዩ፦ ስለ ልጄ ሞት ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ይህ የቆላ ሙቀት ጤናዎን እንዳይነካብን፣ በተለይም ጉሮሮዎን አምላክ ከደረቅ ሳልና ከመዘጋት እንዲጠብቅልን ከልብ እመኛለሁ፤ ጉሮሮዎ ከታመመ ይህ ከተማ ጠዋት ተነሥቶ ምን ማመን እንዳለበት ማን ይነግረዋል? እኔ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ምግብ ቤት ያለኝ፣ የደሴ መንገደኛ ምሳውን የሚበላብኝ የሺ ነኝ። ቤተሰባችን ሁሉ ደኅና ነው። እርስዎ «አርፋለች» ያሏት ልጄ መቅደስም ደኅና ናት፤ ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣ ፓፓያ እየበላች ነው።

ነገሩን ከሩቅ የሚያነቡ ስለሚኖሩ ከመነሻው ልጀምር። እንደሚታወቀው ባለፈው ወር ከዐረብ አገር ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ ይመጣ የነበረ አንድ የውጭ አገር የመንገደኞች አውሮፕላን ባሕር ላይ እንደደረሰ ድምፁ ጠፋ። መርከቦች ወጡ፣ ሌሎች አውሮፕላኖች ወጡ፣ የሚያውቁ ሰዎች ባሕሩን እየከፋፈሉ መፈለግ ጀመሩ። እርስዎ ግን ባሕሩ ሥራ ሊበዛበት እንደሚችል ተረድተው፣ ለክትባትና ለመብራት መቋረጥ ማስታወቂያ የተገዛውን ድምፅ ማጉያ በባጃጅ ላይ አስጭነው፣ ፍለጋውን ወደዚህ ወደ እኛ ይፋት ስላመጡልን ምስጋናዬ የላቀ ነው። ሆኖም ደፍሬ ጥቂት ቅሬታዎቼን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ። የቀወት ገበሬ አቶ ኤፍሬም ሐሙስ ዕለት ከወንዙ ማዶ የሚያጓራ ድምፅ ሰምቶ ወዲያው ጸጥ እንዳለ ለጎረቤቱ ሲያጫውት፣ ወሬው እስከ ቢሮዎ ስለደረሰ፣ አውሮፕላኑ ከባሕር ተመልሶ በአፋር በኩል ዞሮ እኛ ዘንድ እንደወረደ ማብሰርዎ ይታወሳል። ግማሹ ከተማ ወደ ወንዙ ሲጎርፍ መንገዱ በአቶ ኤፍሬም ማሳ ላይ ስለነበረ፣ ሊደርስ ጥቂት የቀረው የማሾ ሰብሉ ተረግጦ ከአፈር ተደባለቀ። ከወንዙ ዳር የተገኘው ደግሞ ናፍጣ ጨርሶ የቆመ የመስኖ ሞተር ነበር። ባለ ሞተሩ፣ «ያጓራውም እሱ፣ ጸጥ ያለውም እሱ ነው» ብሎ ቢያስረዳም፣ እርስዎ፣ «ሞተሩ ለምን በዚያች ሰዓት ቆመ? እሱ ነው መጠየቅ ያለበት» ብለው መመለስዎን ቦታው ላይ የነበረ ሰው ሁሉ አይረሳውም። አቶ ኤፍሬም ከዚያ ወዲህ ነጎድጓድ ቢሰማ እንኳ ለሚስቱም አይናገርም።

ሁለተኛ። ደረጄ የሚባለው ባለ ባጃጅ እኔ ቤት ምሳ ሲበላ፣ በቀልድ፣ «ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ገብቶ ይሆናል እኮ» አለ። ሁላችንም ሳቅን። እርስዎ ጥግ ላይ ብቻዎን ተቀምጠው ስለነበር አልሳቁም። በማግሥቱ ሁለት የግብረ ኃይሉ አባላት ወደ ጣርማ በር ተላኩ። ትልልቅ የጭነት መኪኖች ፊት ለፊት ሲገናኙ ሾፌሮቹ መስታወታቸውን አጥፈው ትንፋሻቸውን ይዘው የሚተላለፉበትን ዋሻ፣ መልእክተኞችዎ በእጅ ባትሪ መረመሩት። የቆላ ልጆች በመሆናቸው ያለ ጋቢ ሄደው ብርዱ ሳንባቸው ድረስ ገባ፤ ነገር ግን ሪፖርታቸው በድምፅ ማጉያ ሲነበብ «ለጊዜው አልተገኘም» የሚል ነበር። «ለጊዜው» የምትለዋን ቃል ወድጄያታለሁ። ደረጄ ራሱ ከዚያ በኋላ ቀልዱን ማመን ጀመረ።

ሦስተኛው ቅሬታ ረዘም ስለሚል ይታገሡኝ።

ልጄ መቅደስ ዐረብ አገር በቤት ሠራተኝነት ስትኖር ቆይታ፣ በዚያው ሳምንት እንደምትመጣ ነግራን ነበር፤ ቀኑን ግን አልነገረችንም። አውሮፕላኑ ሲጠፋ ስልኳ ላይ ብንደውል ዝግ ነው። ባለቤቴ ንጉሤ የመናኸሪያ ሰው ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲሸኝና ሲቀበል ኖሮ፣ የራሱ ልጅ የት እንዳለች ባለማወቁ ከአውቶቡስ የሚወርደውን ሰው ሁሉ ፊት እያየ ይውል ጀመር። አዲስ አበባ ወዳለው የአየር መንገዱ ቢሮ ስንደውል አንዲት ትሑት ልጅ ደጋግማ ካየች በኋላ፣ «እናቴ፣ መቅደስ ንጉሤ የሚባል ስም በተሳፋሪዎቹ ውስጥ የለም» አለችኝ። መሬቱን ሳምኩት። ንጉሤም ከስንት ጊዜ በኋላ እህል ቀመሰ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ እርስዎ ከሽማግሌዎች ጋር ወደ ቤታችን መጡ። ስለ ስሙ ስነግርዎ በሐዘኔታ ራስዎን ነቅንቀው፣ «እትዬ የሺ፣ ዐረቦች እኮ መቅደስ ብለው መጻፍ አይሆንላቸውም። በሌላ ስም ጽፈዋት ነው» አሉ። በየትኛው ስም እንደሆነ ብጠይቅዎ፣ «እሱ በመጣራት ላይ ነው» አሉኝ። ያቺ የአየር መንገድ ልጅ ያበራችልኝን መብራት በአንድ ዐረፍተ ነገር ስላጠፉልኝ አመሰግናለሁ፤ የከተማው መብራት ኃይል እንኳ እንዲህ አይፈጥንም።

ንጉሤ አመነዎት። ሰው ሲፈራ፣ ከሚያጽናናው ይልቅ የሚያስፈራውን ያምናል። ራሱን ተላጨ፤ መሬት ላይ ተቀመጠ። እኔ ግን እምቢ አልሁ። ጥቁር አምጥተው ሲሰጡኝ መልሼ አጠፍሁት፤ ድንኳኑ በደጄ ሲተከል ምግብ ቤቴን ከፍቼ ለመንገደኛ ሽሮ አቀረብሁ። ሰው ምን እንዳለኝ ሰምቻለሁ። «ልቧ ድንጋይ ነው» ያሉ ነበሩ፤ «አእምሮዋን ነክቷታል» ያሉም ነበሩ። የገዛ ባለቤቴ እንኳ፣ «የሺ፣ ላንቺ ልጅሽ አይደለችም?» ብሎኛል፤ ይህችን ቃል ይቅር ብዬዋለሁ፣ ግን ገና አልረሳኋትም። እውነቱን ልንገርዎ? እርግጠኛ ሆኜ አልነበረም። ካለቀስሁ የሞተች እየመሰለኝ ፈርቼ ነው። ወጡን እያማሰልሁ ዓይኔን ባሻሸሁ ቁጥር፣ በሽንኩርቱ እያሳበብሁ ነው ያን ሁሉ ቀን የገፋሁት።

እርስዎ በበኩልዎ የልጄን ፎቶ በትልቅ ባነር አሳትመው፣ ከበስተኋላዋ የአውሮፕላን ክንፍ አስደርገው በድንኳኑ አናት ላይ ሰቀሉልን። ፎቶው የስምንተኛ ክፍል ነው፤ ፀጉሯ ያለ ቅባት ነው፤ በሕይወት ብትኖር አንዴ፣ ብትሞት ሁለቴ የምትቆጣበት ነበር። የግብረ ኃይሉ ስም ከእሷ ስም በላይ በትልቁ መጻፉንም ለቅሶ ደራሹ ሁሉ አድንቋል።

በሦስተኛው ቀን፣ አልቃሿ ጌጤ ድንኳኑ መሐል ቆማ፣

«አውሮፕላን ቢጠፋ እኔ ምን ቸገረኝ፣
መቅደስን ይዞ ነው ሄዶ ያልነገረኝ»

እያለች ሴቱን በምታስለቅስበት ሰዓት፣ የአዲስ አበባ አውቶቡስ ደረሰና ልጄ ሻንጣዋን እየጎተተች ወረደች። ድንኳኑን አየች፣ ባነሩን አላየችም፤ ሮጣ መጥታ በር ላይ ያለውን ሰው፣ «አባቴ ነው? አባቴ ምን ሆነ?» አለች። ሰውየው ቀና ብሎ አያት፤ ባነሩን አየ፤ ደግሞ እሷን አየና ወንበሩን ይዞ ወደ ኋላ ወደቀ። ጌጤም አየቻት፤ ነገር ግን ግጥሙ ሳይገጥም ማቋረጥ የባለሙያ ነገር ስላልሆነ፣ ቀሪውን ስንኝ ጨርሳ ነው እልል ያለችው። ንጉሤ ከተቀመጠበት መሬት በጉልበቱ እየሄደ እግሯን ያዘ። እኔ ከኩሽና በማማሰያዬ ወጣሁ። ያኔ ነው ያለቀስሁት፣ ክቡር ሆይ፤ ያን ሁሉ ቀን ያጠራቀምሁትን በአንድ ጊዜ።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ አሠሪዋ ወይዘሮ የመውለጃዋ ቀን ስለደረሰ መቅደስን፣ «እስክወልድ አትሂጂብኝ» ብላ ለምና አስቀርታታለች፤ ስልኳንም የቤቱ ሕፃን ውኃ ውስጥ ከትቶታል። እርስዎ ይህን ሲሰሙ ምን እንዳሉ ሕዝብ ይወቅልኝ። ልጄን ከላይ እስከ ታች አይተው፣ «ከአውሮፕላኑ እንዴት ወረድሽ?» አሏት። እንዳልተሳፈረች ብትነግርዎም፣ ማታውኑ በድምፅ ማጉያ፣ «አንዲት ተሳፋሪ በሕይወት መገኘቷ፣ አውሮፕላኑ በአካባቢያችን ለመውረዱ ማስረጃ ነው» ተብሎ ተነገረ። ከዚያ ወዲህ ልጄ ገበያ ስትወጣ ሰው እየተከተለ፣ «ሌሎቹስ የት አሉ?» ይላታል።

አራተኛው ቅሬታ የእኔ አይደለም፤ ባለቤቱ ስለማትጽፍ እኔ እጽፈዋለሁ።

ልጄ በመጣች ሰሞን አንድ የአጣዬ መንገደኛ ምሳ ሲበላ ወሬውን ሰምቶ፣ «እኛ ዘንድስ እውነተኛዋ አለች» አለን። ፌቨን የምትባል ልጅ፣ ስሟ በተሳፋሪዎቹ ውስጥ በትክክል የተጻፈ፣ በዚያ አውሮፕላን ነበረች። እናቷ እትዬ ፈለቀች ከአንድ ወንድሟ በቀር ሰው የላትም። እኔ ወደ ቢሮዎ መጥቼ፣ ግብረ ኃይሉ ወጥቶ እንዲያጽናናት ብለምንዎ፣ «አጣዬ ከክልላችን ውጭ ነው» ብለው መለሱልኝ። ባሕሩ በክልላችን ነበር፣ ሰማዩ በክልላችን ነበር፣ የጣርማ በር ዋሻም በክልላችን ነበር፤ በሚኒባስ ለምሳ ደርሰው የሚመለሱባት አጣዬ ግን ውጭ ሆነች። ጂኦግራፊ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ።

ስለዚህ እኔና መቅደስ ሄድን። የእትዬ ፈለቀች ቤት አጣዬ በግጭቱ ጊዜ ከተቃጠለች በኋላ ፌቨን በላከችው ቆርቆሮ እንደገና የተከደነ ነው። ድንኳን የለም፤ ለቅሶ ደራሽ የለም። ምክንያቱን ስጠይቅ የእትዬ ፈለቀች ወንድም ከበሩ ውጭ አስቁሞ ነገረኝ። የእርስዎ ድምፅ ማጉያ ወሬ በስልክ ተቀድቶ አጣዬም ደርሷል። እህቱ አውሮፕላኑ በረሃ ውስጥ በደኅና እንደወረደና ተሳፋሪዎቹ በሕይወት እንዳሉ ሰምታ፣ ማንም እንዳያለቅስ ከልክላለች። እሱም ለእሷ ብሎ በዚያ ሐሩር እስከ አፋር ቁጥቋጦ ድረስ ፈልጎ ፊቱ ተልጦ ተመልሷል። «እኔ ባሕር ውስጥ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ምን ብዬ ልንገራት?» አለኝ። እኔም ራሴ አላለቅስም ብዬ እንቢ እንዳልሁ አስታወስሁ። የእኔ እንቢታ ተሳካልኝና የእናት ልብ ያውቃል ተባለልኝ። የእሷም ልብ እኮ የእናት ልብ ነው።

ስንገባ እትዬ ፈለቀች ስለ በረሃውም ስለ ዋሻውም አልጠየቀችንም። መቅደስን አጠገቧ አስቀምጣ እጇን ይዛ፣ «አንቺ ተሳፍረሽ ታውቂያለሽ አይደል? እዚያ ላይ ምግብ የሚሰጡት መቼ ነው? እንደተነሣ ነው ወይስ ቆይቶ?» አለቻት።

ልጄ የእትዬ ፈለቀችን እጅ በሁለት እጇ ያዘች። «ወዲያው ነው፣ እማማ። ገና እንደተነሣ ነው የሚያድሉት።»

«እንግዲያው በልታለች» አለች እትዬ ፈለቀች። ከዚያ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች፤ ወንድሟም በሩ ላይ ቆሞ አብሯት አለቀሰ። እኛም አለቀስን። ጎረቤቶች ድምፁን ሰምተው አንድ በአንድ እየገቡ ተቀመጡ።

በመመለሻችን መኪና ውስጥ፣ እውነት ምግቡ ወዲያው እንደሚሰጥ መቅደስን ጠየቅኋት። ወደ መስኮቱ ዞራ ሜዳውን ማየት ጀመረች፤ እኔም አልደገምሁም።

ክቡር ሆይ፣ ልመናዬ አጭር ነው። ስለዚያ አውሮፕላን ከተማው የተናገረውን ሁሉ አንድ ላይ ብንከምረው ዋሻውን ይሞላዋል፤ ያቺ እናት ማወቅ የፈለገችው ግን ልጇ ጠግባ እንደነበር ብቻ ነው። የዚህን መልስ ካላወቁ፣ እባክዎ ድምፅ ማጉያውን ለክትባቱ ይመልሱት።

ያለ ማስረጃ መናገርን ከቶ የማይፈራው የእርስዎ ደፋር ልብ ለዘለዓለም እንዲጸና፣ ሥልጣንዎ ግን ጥቂት እንዲያርፍ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮትና ገና ባልወጣልኝ ንዴት እሰናበታለሁ።

የሺ፣
ባለ ምግብ ቤት፣ የንጉሤ ሚስት፣ የመቅደስ (በሕይወት ያለችዋ) እናት።

ግልባጭ፦
ለአቶ ኤፍሬም፣ ማሾው ለተረገጠበት፤
ለጣርማ በር ዋሻ፣ ላሳየው ትዕግሥት።

ማሳሰቢያ፦ ልጄ መቅደስ በመጪው ሳምንት ጥርሷን ልትታከም ደብረ ብርሃን ትሄዳለች። የምትሄደው በአውቶቡስ ነው፤ በመንገድ ላይ ስልኳ ባትሪ ሊጨርስ ይችላል። እስክትመለስ ድረስ ድንኳን እንዳይተክሉ በትሕትና እጠይቃለሁ፤ ከቸኮሉ ግን፣ ለባነሩ የሚሆን የተሻለ ፎቶ ራሷ መርጣ አስቀምጣልዎታለች።