ጥላ የጠፋበት እኩለ ቀን

ቴፒ፣ ሐምሌ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ከድጁ፣

ደህና ነሽ? በዛብህ ነኝ፤ ስድስተኛ ክፍል ሳይንስ ያስተማርኩሽ። አድራሻሽን የሰጠኝ ወንድምሽ ጀዋር ነው። ማጂ ከተማ አግብተሽ፣ ሱቅ ከፍተሽ፣ ሦስት ልጆች እንደወለድሽ ነገረኝ። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ሃያ ስምንት ዓመት ዘግይቻለሁ።

የሰማንያ ዘጠኙን የግንቦት ፈተና ታስታውሺዋለሽ? «በአገራችን እኩለ ቀን ላይ ጥላ ወዴት ይወድቃል?» ብዬ ጠየቅሁ። ሁሉም ያስጻፍኳቸውን «ወደ ሰሜን» መለሱ። አንቺ ብቻ «አሁን ወደ ደቡብ ነው» ብለሽ ጻፍሽ። ኤክስ አድርጌ ወረቀቱን ስመልስልሽ ተነሳሽ።

«ጋሼ፣ የባንዲራው እንጨት ሥር ቆሜ አይቻለሁ። ወጥተው ይዩት» አልሽኝ።

በሩ ሦስት እርምጃ ነበር። አልወጣሁም። «መጽሐፉን ልታርሚው ነው?» ብዬ ክፍሉን አሳቅሁብሽ፤ ደፈርሽኝ ብዬም እስኪደወል አንበረከክሁሽ። ከዚያ ወዲህ እጅሽን አውጥተሽ አታውቂም። በመስከረም አልተመዘገብሽም። ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። መልሱን ፈራሁት።

አምና ጡረታ ወጣሁ። ልጄ ማራናታ መቆዘሜን አይታ፣ በስልኬ በነጻ የሚሰጥ የሥነ ፈለክ ትምህርት አስመዘገበችኝ። እንግሊዝኛው ይፈጥንብኛል፤ አንዱን ቪዲዮ አምስት ጊዜ አየዋለሁ። የሳተርን ቀለበት አብዛኛው በረዶ መሆኑን የሰማሁ ቀን ምሳዬን ረሳሁ፣ ብታምኚኝ።

አራተኛው ትምህርት ላይ አስተማሪዋ ሉል ይዛ፣ እንደኛ ለምድር ወገብ ቀረብ ባሉ አገሮች ፀሐይ የዓመቱን ከፊል በስተሰሜን፣ ከፊሉን በስተደቡብ እንደምታልፍ፣ ጥላም በተቃራኒው እንደሚወድቅ አሳየች። ቪዲዮውን አቆምኩት።

«አባዬ፣ ምን ሆንክ?» አለች ማራናታ።

«አንዲት ተማሪዬ ትክክል ነበረች» አልኳት።

ፀሐይ በቴፒ አናት ላይ የምትሆንበትን ቀን አሰላሁ፤ መጋቢት 30 ወጣ። ዕድሜ ልኬን ስድስት ሰዓት ነው ስል የኖርኩት እኩለ ቀንም እኛ ጋ ስድስት ሰዓት ከአርባ ገደማ ሆኖ ተገኘ። የቧንቧ ብረት በቱንቢ አቅንቼ ግቢዬ ተከልሁ። ሲያካፋ ነው ያረፈደው። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሰማዩ ተገለጠ። የብረቱ ጥላ አራት ጣት ነበር፤ አንድ ጣት ሆነ፤ ከዚያ ብረቱ ሥር ገብቶ ጠፋ።

ከድጁ፣ እንዴት አድርጌ ልንገርሽ! መቶ ሃምሳ ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቃ ያለች ፀሐይ በቡናዬና በቆርቆሮዬ ላይ ቀጥ ብላ ቆማለች። የቆምኩባት ምድር ስትዞር በእግሬ የተሰማኝ መሰለኝ። ሠላሳ አምስት ዓመት ስለ ሰማይ አስተማርኩ፤ አንድም ቀን ቀና ብዬ አላየሁትም ነበር። ማራናታ እጄን ያዘችኝ። እንደ ልጅ አለቀስኩ።

በሳምንቱ ጥላው ወደ ደቡብ ዞሮ አገኘሁት።

ማጂ ከእኛ ትንሽ ወደ ደቡብ ናት፤ ለእሷም አስልቻለሁ። ደመና ካልከለከለ ጳጉሜ 1፣ ስድስት ሰዓት ተኩል እንዳለፈ፣ ፀሐይ በደጅሽ ላይ ቀጥ ትላለች። ከፈቀድሽልኝ እመጣለሁ። ያዋረድኩሽ በሰው ፊት ስለሆነ ይቅርታዬ በወረቀት እንዲያልቅ አልሻም። ልጆችሽን ሰብስቢልኝና «እናታችሁ ልክ ነበረች፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» ልበላቸው። ካልፈቀድሽም አልቀየምም፤ ብቻ እነሱን ይዘሽ ውጪና ጥላው ሲጠፋ እዩት።

አክባሪሽ፣
በዛብህ