ወተቱ የሚሄድበት መንገድ

ለማትጠገቢው እህቴ፣

ካለሽበት ድረስ ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኛ ወንድማችንን ከቀበርን ወዲህ እንደምንም ደህና ነን። አባባ በድንጋይ መቁረጫው ቤት የእሱን ማሽን ተረክቧል። አቧራው ቅንድቡን ነጭ ስለሚያደርገው ጓደኞቹ "ሙሽራው" ይሉታል። እሱም ይስቃል፤ ሳቁ ግን ሳል ሆኖ ያልቃል።

በዚህ ሳምንት ስለ መተንፈሻ አካላት ተማርን። ስንውጥ የአየር ቧንቧውን የሚዘጋ ትንሽ ክዳን አለ፤ የምንጠጣው ነገር ወደ ጨጓራ እንጂ ወደ ሳንባ አይወርድም። አቧራውን ያጥባል ተብሎ ከሥራ መልስ የሚሰጣቸውን ወተት ወንድማችን አንድ ቀን አላጓደለም። ሳንባው ምን እንደሆነ አንቺም ታውቂያለሽ። አሁን ደግሞ አባባ ይጠጣል።

"አባባ፣ ወተቱ እኮ መንገዱ ሌላ ነው" አልኩት።

"እንግዲያው መንገድ ይጠይቃላ!" ብሎ ሳቀብኝ።

የቤት ሥራችን የአንድ ሰው ትንፋሽ በደቂቃ ስንት እንደሆነ መቁጠር ነበር። አባባ ተቀምጦ ሲያርፍ ቆጠርኩ። መምህሩ "ያረፈ ሰው ከሃያ አያልፍም፤ ተሳስተሃል፤ ድገም" ብሎ መለሰልኝ። ደገምኩት፤ ያው ነው። ውጤት እንዳይቀነስብኝ አሥራ ስምንት ብዬ አስረከብኩ። ለአንቺ ግን እውነቱን ልጻፍልሽ፤ ሠላሳ ሁለት ነው።

የዓመት ፈቃድሽን እስከ ዓመቱ መጨረሻ አታቆዪው።

ሳንጎድል ያገናኘን።

ታናሽ ወንድምሽ