አዲሱ ፕሮግራምና የወይዘሮ አማረች ቤት

ሰኞ፣ ጥር 15

አዲሱ ፕሮግራም ገባ። ዳዊት የሚባል ባለሙያ ዲስኬቶቹን ይዞ ከአዲስ አበባ መጥቶ፣ እኔ የምሠራበት የአስተዳደር ክፍል ኮምፒዩተር ላይ ሲጭን ዋለ። የስኳር ፋብሪካው ቤት ለማን እንደሚሰጥ፣ ከማን እንደሚወሰድ የሚለየው ፕሮግራም ነው። በድሮው አንዲት ቃል ለመቀየር እንኳ ዳዊትን መጥራት ነበረብን። አሁን፦

ደንቦቹን ራሳችን እንጽፋለን፣ እንቀይራለን።
ደንቡ ከመጽናቱ በፊት በቆዩ ፋይሎች ላይ ይሞከራል።
ማን፣ መቼ፣ ምኑን እንደቀየረ ይመዘግባል።

ይሄ የመጨረሻው አልጣመኝም። አለቃዬ አቶ ገመቹ ግን ደስ ብሏቸዋል። "ከእንግዲህ ቤት ብሎ ቢሮዬ በር ላይ የሚያለቅስ የለም" አሉ።

ማክሰኞ፣ ጥር 16

የፋብሪካውን የቤት መመሪያ እያየሁ ደንቦቹን ሳስገባ ዋልኩ። አቧራው በመስኮት እየገባ ቁልፎቹ ላይ ይተኛል።

"ሠራተኛው በማናቸውም ምክንያት ከሥራ ሲለይ ቤተሰቡ በሠላሳ ቀን ውስጥ ቤቱን ይለቃል።"

በማናቸውም ምክንያት። ሞትም ገባበት። እስካሁን የሟች ቤተሰብ ጉዳይ ሲመጣ አቶ ገመቹ ፋይሉን መሳቢያ ውስጥ ያቆዩት ነበር፤ እኛም አይተን እንዳላየን እናልፋለን። ይህ ግን የትም አልተጻፈም። ለዳዊት ነገርኩት።

"ያልጻፍሽለትን አያውቅም" አለኝ።

ረቡዕ፣ ጥር 17

ሞከርነው። ቤት ይልቀቁ ብሎ አንድ ስም አወጣ፦ ወይዘሮ አማረች። ባላቸው አቶ ላፌቦ ከከምባታ ለሸንኮራ ቆረጣ መጥተው፣ ኋላ ፋብሪካው ውስጥ ሲሠሩ ኖረው ኅዳር ላይ ሞቱ። አንድ ልጃቸው ብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ወሬው ከጠፋ ቆይቷል።

አቶ ገመቹ የቤት ማስለቀቂያውን ደብዳቤ አዩት። መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። ፈረሙ።

ሐሙስ፣ ጥር 18

ደብዳቤውን ያደረስኩት እኔ ነኝ። ወይዘሮ አማረች ማንበብ ስለማይችሉ አነበብኩላቸው። ያለቅሳሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። አላለቀሱም።

"ልጄ ደብዳቤ የሚልከው በዚህ ቤት ቁጥር ነው" አሉኝ። "ሌላ አያውቅም። ቢመጣስ የማንን በር ያንኳኳል?"

"ጎረቤት ይነግረዋል" አልኩ።

በፋብሪካው ሰርቪስ ወደ ቤቴ ወደ ናዝሬት ስመለስ መመሪያውን እንደገና አነበብኩት።

ዓርብ፣ ጥር 19

ጠዋት አቶ ገመቹ ዘንድ ገባሁ። "እርስዎ ድሮ ያደርጉት የነበረውን ደንብ አድርገን እንጻፈው" አልኳቸው።

"በማን ስም?"

መልሴን ሳይጠብቁ "እኔ አምስት ልጅ አለኝ" አሉና ስልክ አነሱ።

ከሰዓት ዳዊት ዕቃውን ሲሰበስብ፣ ደንብ ላይ ልዩ ሁኔታ እንዴት እንደሚጨመር ጠየቅኩት። አሳየኝ። "ስምሽን ግን ይይዛል። እኔም ላጠፋው አልችልም" አለ።

ጻፍኩ፦ የሟቹ ልጅ በግዳጅ ላይ ያለ እንደሆነ፣ ልጁ እስኪመለስ ቤተሰቡ ቤቱን አይለቅም።

ሞከርኩት። የወይዘሮ አማረች ስም ከዝርዝሩ ጠፋ። አጸናሁት።

ቅዳሜ፣ ጥር 20

አቶ ገመቹ ጠሩኝ። መዝገቡን አሳትመው ይዘዋል፤ ስሜ፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ።

"ማን ፈቀደልሽ?"

"ማንም።"

ጉዳዬ ሰኞ ለፋብሪካው የዲሲፕሊን ኮሚቴ እንደሚቀርብ ነገሩኝ። ደንቡን ሰርዘውት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። "አልነካሁትም" አሉ፣ ወደ መስኮቱ እያዩ።

ከዚያ ወይዘሮ አማረች ዘንድ ሄድኩ። ለጊዜው እንደማይለቁ ነግሬ የጻፍኩትን ቃል በቃል አሰማኋቸው። ይመርቁኛል ብዬ ጠብቄ ነበር መሰለኝ። ደጃፉ ላይ ቆመው አሰቡ።

"እስኪመለስ ነው ያልሽው?"

"አዎ።"

"ካልተመለሰስ?"

ለዚያ ምንም አልጻፍኩም። "ይመለሳል" አልኳቸው፤ ድምፄ ግን ራሴንም አላሳመነኝም። እጄን ይዘው ወደ ውስጥ አስገቡኝ።