የላይኛው ፎቅ መንገደኛ

ዓርብ፣ ኅዳር 9 ቀን 2015፣ ጄኔቭ

ዛሬ የፓሪሱን ፈጣን ባቡር ላይኛውን ፎቅ አጽድቼ ስወርድ፣ አንዲት ሀበሻ እናት ሻንጣቸውን ይዘው ደረጃው ሥር ቆመው አገኘኋቸው። መቀመጫቸው ላይኛው ፎቅ ነው። "ልጄ፣ ፎቅ ላይ ተቀምጦ በዚህ ፍጥነት መሄድ አያስፈራም?" አሉኝ።

"አያስፈራም እማማ" አልኳቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳጸዳው አንድ ቀን ተሳፍሬበት አላውቅም። በእኔ ፐርሚ፣ በመኖሪያ ፈቃዴ፣ ድንበር መሻገር አይፈቀድም። ፓሪስ ያለችው እህቴ ሕይወትም ወረቀቷን ገና እየጠበቀች ነው። በመካከላችን ያለው የሦስት ሰዓት መንገድ ነው፤ ከተያየን ግን ስድስት ዓመት አለፈን።

ሻንጣውን አወጣሁላቸውና ባቡሩ ሊነሳ እስኪል አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እጄን እንደያዙ አልለቀቁኝም። ፓሪስ ማን እንዳለኝ ሲጠይቁኝ የሕይወትን ስልክ ጻፍኩላቸው። "ሰላም ይበሉልኝ" ብዬ ወረድኩ።

አመሻሽ ላይ ሕይወት ደወለች። "አንድ እናት ደውለውልኝ ነበር" አለችኝ።

"ምን አሉሽ?"

"'የእህትሽ እጅ በጣም ይቀዘቅዛል፣ ጓንት ግዢላት' አሉኝ።"

ሳቅን። ከዚያ ደህና እደሪ ተባባልን። ስልኩን ግን አንዳችንም አልዘጋነውም።