አታፍርሺው ያልከው ግድግዳ

ይድረስ ለአባዬ፣

ከተለየኸን ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሆነን። ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከእኔ ብትሰማው ይሻላል ብዬ ነው የምጽፍልህ። የእማዬ አልጋ የተጠጋበትን የኋላውን ግድግዳህን አፍርሼዋለሁ። በራሴ እጅ፣ በራስህ ዶማ። ስመታው አላለቀስኩም። ከፈለግክ ተቆጣኝ።

ወንድምህ ኦቦ ቶሎሳ የመጀመሪያውን ምት ሲሰማ ነጠላውን እየጎተተ ከቤቱ ሮጦ መጣ። ታውቀው የለ፣ ሲናደድ አማርኛው ይጠፋዋል። እንድተወው ላኪሲ፣ ላኪሲ እያለ ዶማውን ሊቀማኝ ታገለኝ፤ እኔም አልለቀቅኩም። የሟች ኑዛዜ የሚያፈርስ ልጅ በግንጪ አይቶ እንደማያውቅ ለመንደሩ ሁሉ ጮኾ ተናገረ። እውነቱን ነው። በመጨረሻዋ ሳምንትህ አልጋህን ከበን ቆመን ሳለ ለእማዬ ምርቃት፣ ለወንድሜ ለደበላ ምክር ሰጠህ። እኔን ግን አየኸኝና ግድግዳዬን እንዳትነኪ አልከኝ። ሁሉም ሰምቷል።

ነገሩ ከየት እንደመጣ እኔና አንተ እናውቃለን። አንተ ነርስ ትሆናለች ብለህ አምቦ ላክኸኝ፤ እኔ ግን የሙያ ማሰልጠኛ ገብቼ ግንባታ ተመዘገብኩ። ከአርባ ተማሪ ሴቶቹ ሁለት ነበርን። በሦስተኛው ወር መምህራችን ጥቁሩን አፈር፣ ኮቲቻውን፣ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨምሮ አሳደረው። በማግስቱ አብጦ አገኘነው። ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ በላዩ የቆመውን ሁሉ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል አለን። ሌሎቹ ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ፤ እኔ ቤታችንን አሰብኩ።

እኛ ቤት ክረምቱ በወጣ ቁጥር፣ መስቀል ሳይደርስ፣ ስንጥቅ ይለሰናል። የግንጪ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው። እማዬ ውሃ ታቀርባለች፣ እኔ ጭቃውን ከጭድ ጋር እረግጣለሁ፣ አንተ በእጅህ ትመርጋለህ። እስከ ጉልበቴ በጭቃ ተለውሼ ስታየኝ ሙሽራዬ እያልክ ትስቅብኝ ነበር። አባዬ፣ ከዓመቱ ሁሉ የምወደው ቀን እሱ ነበር። ግድግዳም እንደ ሰው ክረምት ሲበዛበት ይታመማል ትለኝ ነበር፤ እኔም አምኜህ አደግኩ።

ለገና ዕረፍት ስመጣ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። ቤት የምትሠራላቸው ሰዎች ፊት ቆሜ፣ ጥፋቱ ከምርጊቱ አይደለም፣ ከመሬቱ ነው፣ ጥቁሩ አፈር እስኪያልቅ ካልተቆፈረ ይሄም ቤት ይሰነጠቃል አልኩ። ሠላሳ ዓመት አናጢ የሆንክ ሰው፣ ገና ሦስት ወር የተማረች ልጅህ በሰው ፊት አረመችህ። ባርኔጣህን አድርገህ ወጣህ። እስከ ጥምቀት አላናገርከኝም። ስለዚያ ቀን ይቅርታ እጠይቅሃለሁ፤ ብቻህን ሳገኝህ መናገር ነበረብኝ። ስለ ነገሩ ግን አልጠይቅህም።

አንተ ከሄድክ በኋላ ደበላን ለውትድርና ወሰዱት። ሰሜን ነው ያለው፤ ደብዳቤው ከመጣ ይመጣል፣ ካልመጣ እማዬ ራዲዮኑን ትከፍታለች። ከዚያ የዛሬ ዓመት ክረምቱ ከበደ። ስንጥቁ ከመስፋቱ የተነሳ እማዬ አልጋዋ ላይ ተኝታ የጓሮውን ጎመን ታይ ነበር። በክር የተንጠለጠለ ቱምቢ አወረድኩበት፤ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች አንድ ስንዝር ወደ አልጋዋ አዘንብሏል። ኦቦ ቶሎሳ እንደ ወትሮው እንለስነው አለ። ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ያባትሽ ቃል አለ፣ ደበላ እስኪመለስ ይቆይ፣ ወንዱ ልጅ ይወስናል አሉኝ።

እኔም ከመካከላችሁ ዛሬ ማታ ከዚህ ግድግዳ ሥር የሚያድር ማን ነው ብዬ ጠየቅኳቸው። እማዬ ብድግ ብላ ፍራሿን ጠቀለለችና አልጋዋን ብቻዋን እየጎተተች ወደ ሳሎን አወጣችው። እኔ ከዚያ በላይ ፈቃድ አልጠበቅኩም።

ቅዳሜ ቅዳሜ የክፍል ጓደኞቼ ከአምቦ በአውቶቡስ እየመጡ አገዙኝ። መጀመሪያ ጣራውን በባላ ደገፍነው፤ አንዲት ቆርቆሮ አልወረደችም። ገበያ የሚሄደው ሰው ሁሉ ቆሞ ሱሪዬን ያይ ነበር። አንዷማ አባቷን ሁለተኛ ቀበረችው ስትል ጆሮዬ ሰማ። እሷን ቀና ብዬ ሳላይ መቆፈሬን ቀጠልኩ። ጥቁሩ አፈር እስከ ደረቴ ወርዶ ነበር፤ ከሥሩ ቢጫው ጠንካራ መሬት ወጣ። አንተ ቋሚ የምትተክለው አንድ ክንድ ተኩል ቆፍረህ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ አባዬ፣ አንድ ክንድ ያህል ሲቀርህ ነው የምታቆመው።

አላለቀስኩም ያልኩህ ግድግዳውን ስመታ ነው። ቋሚዎቹን ስነቅል ግን ሌላ ነገር ሆነ። የጎረቤቶቻችን ባሕር ዛፍ በአምስት በስድስት ዓመት ምስጥ ይጨርሰዋል፤ ያንተ ጽዶች ግን ከመሬት ሲወጡ እንደተተከሉ ነበሩ። ጫፋቸውን በእሳት ለብልበህ፣ የተቃጠለ ዘይት አጠጥተህ ነው የተከልካቸው። በዶማ ጀርባ ስመታቸው ጠንካራ ድምፅ ሰጡ። መምህራችን መጥቶ አንድ በአንድ ዳሰሳቸውና ይህን እንጨት ያዘጋጀው ማነው አለኝ። አባቴ ነው አልኩት። ከዚያ ጓሮ ሄጄ ጎመኑ መሃል ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ይህን ለእማዬም አልነገርኳትም።

ጉድጓዱን በገረጋንቲ፣ ውሃ በማያሳብጠው ጠጠራማ አፈር፣ ሞልተን፣ ረጋግጠን፣ የድንጋይ መሠረት ሠራን። እነዚያኑ ቋሚዎችህን ድንጋዩ ላይ አቆምኳቸው። ማገሩን መታሁ፣ ጭቃውን መታሁ፣ የላዩን ልስን ግን ሆን ብዬ ተውኩት። አንድ ክረምት ራቁቱን ይቁም፤ የሚሰነጠቅ ከሆነ ሁሉም ሰው ይየው፣ ጥፋቱም የእኔ ይሁን አልኩ። ክረምቱን ሙሉ ኦቦ ቶሎሳ እሑድ እሑድ እየመጣ፣ እኛን ሰላም ሳይል፣ መዳፉን ግድግዳው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይስበው ነበር። ስንጥቅ ፍለጋ ነው። ሳያገኝ ይሄዳል፣ በሳምንቱ ደግሞ ይመጣል።

ዛሬ የመስቀል ዋዜማ ነው። ከየግቢው ጭቃ እየተረገጠ ነው፣ ከእኛ በስተቀር። ከሰዓት ኦቦ ቶሎሳ መጣ። ግድግዳውን አልነካም። በሩ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን አወለቀና መሬት መሬት እያየ፣ የእኔም ቤት የምሥራቁ ጎን ተሰንጥቋል፣ ብታይልኝ አለ።

እሱንም ቤት የሠራኸው አንተ ነህ፣ አባዬ። ከዚህ እስከ ገበያው ድረስ ያለውን አብዛኛውን አንተ ነህ የሠራኸው፤ ሁሉም ጥቁር አፈር ላይ ነው የቆመው። ጠሩኝ ማለት አፈርሰዋለሁ፤ አንድ በአንድ፣ ዕድሜ ከሰጠኝ ሁሉንም። ኑዛዜህን አልጠብቅልህም። ቋሚዎችህን ግን አንዱንም ለማገዶ አልሰጥም። እየነቀልኩ፣ እየጠረግኩ፣ ጠንካራ መሬት ላይ መልሼ አቆማቸዋለሁ፤ ባለቤቶቹም ይህን እንጨት ማን እንዳዘጋጀው ሳይጠይቁኝ እነግራቸዋለሁ።

ልጅህ ጫልቱ
ግንጪ