በከበሮው ሰዓት የሚነሱ ሰዎች

ውድ ፓንካጃም፣

ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ደብዳቤ አልመለስሽልኝም፤ ይህንንም ማንበብሽን እጠራጠራለሁ። የምጽፈው ልለማመጥሽ አይደለም። ባለፈው ማክሰኞ ልጅሽ ስሪቫትሳን አንድ ነገር ነግሮኛል። አንድ ቤት አብራችሁ እየኖራችሁ ለራስሽ ሊነግርሽ አፉን አልፈታ ስላለው እኔ ልንገርሽ ብዬ ነው።

ሃያ ሁለት ዓመት አንቺ ላይኛው ፎቅ፣ እኔ ታችኛው ፎቅ ስንኖር የኮንሰርቱ ወር ታኅሣሥ በገባ ቁጥር ሰው አንመስልም ነበር። ጠዋት ጋዜጣውን መሬት ላይ ዘርግተሽ ከሰዓት በነፃ የሚገባባቸውን ኮንሰርቶች በቀይ እስክሪብቶ ታከቢያለሽ። እኔ እርጎ የገባበት ሩዝ ምሳ ዕቃ ውስጥ እጠቀጥቃለሁ። በማይላፖር ሰፈር ከአዳራሽ አዳራሽ በእግር ነው፤ የአውቶቡሱን ገንዘብ ለትኬት እናውላለን። የማታው ኮንሰርት ላይ ደግሞ ምሰሶ የሚጋርደውን የመጨረሻ ወንበር ገዝተን ሰዓታችንን እንጠብቃለን። ዘፋኙ አረፍ ብሎ ከበሮ መቺው ብቻውን መምታት ሲጀምር፣ እንደምታውቂው፣ ግማሹ ሰው ተነስቶ ወደ አዳራሹ ምግብ ቤት ይጎርፋል። የዚህ ከተማ ሰው ከበሮ የሚመታው ለእራት መጥሪያ ይመስለዋል። ያኔ እኔ ቀድሜ እነሳለሁ፣ አንቺ ቦርሳሽን አንስተሽ ትከተይኛለሽ፣ ፊት ለፊት ያለው የሀብታም ወንበር ላይ ሄደን ቁጭ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ በልተው ተመልሰው "ወንበሬን" ቢሉሽ፣ "ጌታዬ፣ ጥለውት የሄዱት እርስዎ ነዎት፤ ወንበሩማ የትም አልሄደ" አልሻቸው። ሰውየው ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ኮንሰርቱን ቆመው ጨረሱት።

እንዲህ ስንቆጥብ ኖረን የስሪቫትሳን ቀን መጣ። አባቱ ከሞተ ወዲህ የሰው ልብስ እየሰፋሽ ከበሮ ያስተማርሽው ልጅ፣ ከስንት ዓመት የከሰዓት ነፃ ኮንሰርት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የማታው መድረክ ላይ ሊወጣ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ሁለት ወንበር ሰጠን። ከትኬቱ ጋር የእራት ኩፖን ነበር፣ እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ብቻ የሚሠራ። ልጅሽ ብቻውን መምታት ሲጀምር ሰዓቴን አየሁ። ለሁለት ሃያ ጉዳይ ይላል። ተነሳሁ።

ለጎረቤቱ ሁሉ አሞኝ ነው የወጣሁት ብያለሁ። ውሸቴን ነው። ምንም አላመመኝም። ሁለት ኩፖን ተቃጥሎ እንዳይቀር ብዬ ነው። ስመለስ ከበሮው አልቋል፣ ሰው ያጨበጭባል፣ አንቺ ወንበርሽ ላይ ነሽ። በወረቀት የጠቀለልኩትን የሩዝ ቂጣ፣ ዶሳውን፣ ስሰጥሽ እጅሽን አልዘረጋሽም። አውቶቡስ ውስጥ "ምነው?" ብልሽ "ምንም" ብለሽ ፊትሽን ወደ መስኮቱ አዞርሽ። በወሩ ዕቃሽን ጭነሽ ባንጋሎር ከተማ ስሪቫትሳን ቤት ገባሽ። እኔም ጥፋቴን አውቃለሁና ፈርዳብኛለች፣ እውነቷን ነው አልኩ።

ባለፈው ማክሰኞ ስሪቫትሳን እዚያው አዳራሽ ሊጫወት መጣ። ሙሉ ዋጋ ከፍዬ ገባሁ። አዎ፣ እኔ። ከበሮው ሲጀምር ሰው ሁሉ ሲነሳ እኔ አልተነሳሁም። አጀማመሩ ምን ያህል ዝግ ያለ እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ ሁልጊዜ ወንበር ለመያዝ የምንሯሯጥበት ሰዓት ነዋ። አለቀስኩ ብልሽ ደስ ይልሽ ይሆናል፤ አላለቀስኩም። በራሴ ግን ተናደድኩ።

ሲያልቅ ከመድረክ ወርዶ እንደ ወጋችን ለአክብሮት እግሬን ነካና፣ "እትዬ ቬዳ፣ ዛሬ ምግብ ቤቱ ተዘግቶ ነው እንዴ?" አለኝ።

"አትቀልድብኝ" አልኩት። "በዚያን ቀን ስለወጣሁ ይቅር በለኝ። እናትህ በዚያው ተቀይማኝ ቀረች።"

"እርስዎን የተቀየመች መስሎዎት ነው?" ብሎ አጠገቤ ተቀመጠ። "እርስዎ ሲነሱ እኮ እሷም እንደ ልማዷ ቦርሳዋን አንስታ ተከተለችዎት። በሩ ጋ ስትደርስ ነው የነቃችው። ልትመለስ ብትል ሰው እየገፋ አወጣት። የገባችው እኔ ስጨርስ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ የምመታ ይመስላታል። አልጨፍንም።"

"ታዲያ ለምን አልነገርካትም?"

"በምን አፌ? ያን ማታ ቤት ስገባ 'ልጄ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማሁህ' አለችኝ። ዛሬም እንግዳ በመጣ ቁጥር ያን ምሽት ታወራለች፣ እኔም አጠገቧ ቁጭ ብዬ ራሴን እነቀንቃለሁ። እርስዎ ይንገሯት። አንድም ቀን አልተቀየምኩም። መውጣቷን አይቻለሁ፣ ለመመለስ ስትታገልም አይቻለሁ።"

ይኸው ነገርኩሽ። የራቅሽኝ እኔ ጥዬሽ ስለወጣሁ ነው ብዬ ነበር፤ ለካ አስወጥቼሽ ኖሯል። ይሄኛው ይብሳል፣ ስለዚህኛው ይቅርታ አድርጊልኝ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ጋዜጣውን ብቻዬን መዘርጋት አስጠልቶኛል፤ ናፍቀሽኛል።

የዛሬ አሥራ አምስት ቀን፣ ሐሙስ፣ ልጅሽ እንደገና እዚሁ ይጫወታል። ሁለት ትኬት ገዝቻለሁ። የረድፉ እኩሌታ ላይ ነው ያደረግኩት፣ በግራም በቀኝም አሥራ አንድ አሥራ አንድ ሰው አለ። መውጣት ብንፈልግ የአሥራ አንድ ሰው ጉልበት መሻገር አለብን፤ በዚህ ዕድሜያችን ደግሞ አንችልም።

ወንበርሽን ይዤ የምጠብቅሽ
ቬዳቫሊ