ሳትቆፈር የምትቀረው ትልም

ውድ ባለቤቴ አለምነህ፣

አንተ ከተለየኸን ወዲህ ዘንድሮ ሦስተኛው ድንች ተቆፈረ። ዘመንን በድንች መቁጠር የለመድኩት ከእናትህ ነው።

ቤቱ ደህና ነው። ዝናብ ያረገፈውን ግድግዳ አስመረግሁት። ጎረቤቱ ሁሉ ማሳውን ለከሰል ብሎ ዛፍ ስለተከለበት፣ የእኛ ድንች በዛፍ መሐል እንደ ግቢ ተከቦ ቀርቷል። ልጃችን ይታይሽ አድጋለች፤ እንዳንተ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። እናትህ ከቀብርህ ወዲህ ወደ ቤታቸው አልተመለሱም፤ ከይታይሽ ጋር አንድ መደብ ላይ ይተኛሉ።

እኔም ማንበቤን አልተውኩም። ፊደል የለየሁት ስኳር ከተጠቀለለበት ወረቀት እንደሆነ ታውቃለህ። እስከ ዛሬ አንድ ቃል ከያዘኝ ቀኑን ሙሉ አይለቀኝም። ዘንድሮ የያዘኝ የቀረ ነገር የሚጠራበት ቃል ነው። ከገበታ የሚቀረው ትራፊ ነው፤ ከጋን ሥር አተላ፣ ከአውድማ ገለባ፣ አጫጅ ያመለጠው ቃርሚያ። ሰው ሲቆጣ «የማንንም ትራፊ አልበላም» ይላል። የናቀውን ሰው አተላ ይለዋል፤ ፍሬ የሌለውን ወሬ ገለባ። ለቀረ ነገር ያለን ቃል አብዛኛው ለስድብ ያገለግላል። እናንተ ዘንድ ግን ለስድብ የማይሆን አንድ ቃል ነበር።

ከዳንግላ ሙሽራ ሆኜ በመጣሁበት መስከረም ነው የሰማሁት። ድንቹን ስትቆፍር ከማሳው ዳር አንዲት ትልም ዘልለህ አለፍክ። ረሳሃት ብዬ ሳሳይህ ሳቅክና ስሟን በአገውኛ ነገርከኝ። ልትተረጉምልኝ አፍህን ስትከፍት «እንደ ሰው ተናገር» አልኩህ። ቀልዴን ነበር ብዬ ራሴን ላጽናና እችል ነበር፤ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ማሳው ያንተ፣ ቤቱና ገበያው የእኔ ሆነ፤ ስለ ትልሟም ዳግመኛ አላነሳንም።

ይታይሽ ስትወለድ ባሰብኝ። ልጄ ከተማ ገብታ እንዳይሳቅባት ብዬ በዚህ ቤት አገውኛ አይነገርም አልኩ። አልተጣላኸኝም። ወጥተህ ከፈረስህ ጋር በአገውኛ ስታወራ በመስኮት ሰማሁህ። ከዚያ ወዲህ በገዛ ቤትህ ዝምተኛ ሆንክ፤ ሴቶቹ «የአንቺስ ባል ቃል አይወጣውም፣ ታድለሽ» ሲሉኝ እኮራ ነበር።

በመጨረሻው ቀንህ ያወራኸው ከእናትህ ጋር ብቻ ነበር። እኔ ውሃ ይዤ ከእግርህ በኩል ቆሜ አንዲትም ቃል አልገባኝም። ምን አለ ብዬ ለመጠየቅ አፈርኩ። እንዲያ ብዬ የከለከልኩትን ቋንቋ በየትኛው ፊቴ ልለምን?

አንተ በሄድክ በመጀመሪያው ዓመት ድንቹን ከእናትህ ጋር ቆፈርን። እሳቸው የዳሯን ትልም ትተው ወደ ቤት ገቡ። ዓይናቸው ደክሞ ነው ብዬ አዘንኩላቸውና ከኋላ ቀርቼ ጥርግ አድርጌ ቆፈርኳት። አንድ ጆንያ ሙሉ ድንች ወጣ። እናትህን ላስደስት ብዬ ጆንያውን ከፊታቸው አወረድኩት። አዩት፤ የዚያን ዕለት እራት አልበሉም። በማግስቱ ከወንዝ ማዶ ያለችው፣ እንደ እኔ ባሏ የሞተባት ሴት ቅርጫት ይዛ መጣች። የተገለበጠውን አፈር ቆማ አየችና ተመለሰች። እኔ መንገድ ስታ የመጣች መስሎኝ በእጄ ሰላም አልኳት።

ነገሩ የገባኝ በሁለተኛው ዓመት ነው። ይታይሽ ከአያቷ ጎን እየተኛች ቋንቋውን ለቅማ ኖሮ፣ መቆፈሪያዬን ሳነሳ እጄን ያዘችኝ። «እማ፣ ያቺን ተያት፤ የአባባ ናት» አለችኝ። ከአያቷ ሰምታ እንደነገረችኝ፣ በመጨረሻው ቀንህ እናትህን የለመንከው፣ ትልሟ ምንም ለሌለው ሰው መተዋ እንዳይቀር ነበር። እኔን ግን አልለመንከኝም። እንደማልሰማህ አድርጌ ያስለመድኩህ እኔ ነኝ።

ያን ዕለት ድንጋይ በትከሻዬ ተሸክሜ ከእናትህ ፊት ቆምኩ። ብዙ አላቆሙኝም፤ «ተይ ልጄ» አሉኝ፤ በአማርኛ፣ ለእኔ ብለው። ድንጋዩን አወረዱና እየጎተቱ ወስደው ከትልሟ ራስ ላይ ተከሉት። እስከ አሁን እዚያው አለ። ይቅር ብለውኛል ብዬ አምናለሁ። ያንተን ግን ከማን እጠይቃለሁ? የዝምታህን ዓመታት የሚተካ ድንጋይ የለም።

ዘንድሮ የማዶዋን ሴት ራሴ ሄጄ ጠራኋት። ስትቆፍር አጠገቧ ቆሜ የትልሟን ስም እናትህና ይታይሽ እንዳስተማሩኝ አድርጌ በአገውኛ ተናገርኩ። ምላሴ ስለተኮላተፈ ሳቀች፤ እናትህም ሳቁ፤ ይታይሽ አፏን ሸፍና ሳቀች። ለልጄ የፈራሁት ሳቅ ይህ ነበር፤ ለእኔ ደረሰኝ።

ቃሏን እዚህ አልጽፋትም። አንተ ታውቃታለህ፤ እኔም በወረቀት ይዤ እንዳልተዋት እፈራለሁ። በሕይወት እስካለሁ በየመስከረሙ ትልምህን ሳልቆፍር አልፌ እሄዳለሁ፤ ከድንጋዩ አጠገብ ቆሜም ማንም ይስማኝ አይስማኝ ቃልህን በአፌ እላታለሁ።

የአንተው ባለቤት